በኪሎ ሜትር አንድ ብር

ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለቅየሳ ሥራዬ ነበር። ካሬ ካሬ መስመር አለው፣ ሽፋኑ ውሃ አያስገባም፣ ኮት ኪስ ውስጥም ልክ ይገባል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ለሌላ ጉዳይ ተመድቧል። እኔና አባዬ ተወራርደናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ ዓርብ ማታ ቤንዚን ሊቀዱ ወደ ማደያው ወረዱ። የተመለሱት ትናንት እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሌሊት መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው አድረው፣ ወገባቸው ተይዞ፣ ጋቢያቸው ጭቃ ነክቶ፣ ፊታቸው ግን እንደ ሙሽራ በርቶ። ሃያ አንድ ሊትር ደርሷቸዋል። የመኪናቸው የዲኤክሷ የግራ ስፖኪዮ ደግሞ ተገንጥሎ ወድቋል። «ባጃጅ መጣብኝ» አሉ። ሌላ ማብራሪያ የለም።

እኔም አፌ አላርፍ ብሎ፣ ገና ሽሮው ላይ እንደተቀመጥን፣ «አባዬ፣ የዚች መኪና ወጪ እኮ በዛ። ለምን አይሸጧትም?» አልኩ።

አባዬ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሾፌር ነበሩ። ዲኤክሷን የገዟት ጡረታ ሲወጡ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከመኪናዋ የሚለዩት ለእንቅልፍና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ሆኗል። ጉርሻቸውን ቀስ ብለው ዋጡና፣ «ያንቺዋ ስንት ትፈጃለች?» አሉ።

«በኪሎ ሜትር አንድ ብር!» መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ኤሌክትሪኳን አምና ቁጠባዬን አሟጥጬ ከገዛሁ ጀምሮ ይህን ቁጥር ያልነገርኩት ሰው የለም። «የእርስዎ ግን ቤንዚኑ ብቻ አሥራ ሁለት ብር ይሆናል።»

«አንድ ብር?» ብለው ሳቁ። «ዓለሜ፣ አንድ ብር ዛሬ ማስቲካም አይገዛ።»

ባለቤቴ አካለ ወልድ የታሪክ መምህር ነው፤ ሰው ሲከራከር እሳቱ ላይ እንጨት መጨመር ይወዳል። «እንግዲያው ተወራረዱ» አለ። ተወራረድን። ከዛሬ እስከ ጳጉሜን 3 ሁለታችንም ለመኪናችን የምናወጣውን እያንዳንዱን ብር እንጽፋለን፤ በነዳነው ኪሎ ሜትር እናካፍላለን። እኔ ካሸነፍኩ ዲኤክሷ ትሸጣለች። አባዬ ካሸነፉ፣ እኔ የኔዓለም ቢያድግልኝ ስለ መኪናቸው እስከ ዕለተ ሞቴ አንድ ቃል አልተነፍስም። ዳኛው ጋሼ አንሙት ናቸው። ጋሼ አንሙት የአባዬ የሥራ ጓደኛ የነበሩ፣ አሁን ደግሞ በማደያው ሰልፍ ላይ የሾፌሮቹን ስም የሚመዘግቡ ሰው ናቸው።

ጉዳዩ የሒሳብ ነው። ሌላ ምንም የለበትም።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ለቅየሳ ከደብረ ማርቆስ ይጁቤ ደርሼ መጣሁ። የሦስት ወንድማማቾች ድንበር ነበር። ለክቼ ስጨርስ ሦስቱም እኩል አኮረፉ፤ በትክክል ለክቻለሁ ማለት ነው።

ደርሶ መልስ የባትሪዋ ሩብ እንኳ አልሄደም። ማታ ሶኬት ላይ ሰካሁ፣ ተኛሁ፣ ነጋ፣ ሞላ። ዘይት የለ፣ ፊልትሮ የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ሰልፍ የለ። በእንዲህ ያለ ኑሮ ሰው ይቀናብኛል ብዬ እፈራለሁ።

አባዬ ዛሬም ሰልፍ ላይ ናቸው።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ለአባዬ ምሳ ይዤ ማደያው ሄድኩ። ሰልፉ ከማደያው በር ተነሥቶ፣ አደባባዩን ዞሮ፣ የእንጨት መሸጫው ድረስ ይወርዳል። ሰማንያ መኪና ቆጥሬ ተውኩት። ሞተር የሚያስነሣ የለም፤ ሰልፉ ሲላወስ ሾፌሮቹ እየወረዱ አንዱ የሌላውን መኪና በእጅ ይገፋሉ። የሰባ ዓመት ሰዎች፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ «ሆ!» እያሉ።

ስደርስ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። «ያቺ ሶኬት ላይ የምታድረዋ መጣች!» አለ አንዱ። ሌላው፣ «እኅቴ፣ ዝናብ ሲመታት አትነዝርሽም ወይ?» አለኝ። «የምትነዝረው ቤንዚን የሚጠጣ ሰው ሲነካት ነው» አልኩት። ጋሼ አንሙት መዝገባቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው፣ «ተይው ልጄ፣ ይህ ሰው ሚስቱን እንኳ ካየ አራት ቀኑ ነው» አሉ።

ሰዓቱን አሰላሁት። ለያኔው ሃያ አንድ ሊትር አርባ ሰዓት። ለአባዬ ነገርኳቸው፤ «ይህን ሰዓት በብር ብንተምነው ያስፈራል» አልኳቸው።

«የጡረተኛ ሰዓት ስንት ነው የሚሸጠው?» አሉ። «ገዢ ካገኘሽ ጥሪልኝ።»

ደግሞ ከሩቅ እጄን ሳውለበልብ አላዩኝም። አጠገባቸው ቆሜ «አባዬ» እስክላቸው ድረስ ወደ ሌላ ሴትዮ እያዩ ፈገግ ይሉ ነበር። ጨዋታ ይዘው ነው መሰለኝ።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

መብራት የለም። ሁለተኛ ቀኑ። ባትሪ አሥራ አራት በመቶ። ነገ ይጁቤ ቀጠሮ፤ ሰዎቹ ከሦስት ቀበሌ ተጠርተዋል። አካለ ወልድ «በጋሪ ሂጂ» አለ። አባዬ ሰምተዋል። በረንዳ ላይ ሆነው ለብቻቸው ይስቃሉ።

«ላድርስሽ?» አሉ።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

በዲኤክሷ ሄድኩ። ያውም ከተማው ሁሉ እያየኝ። የሠፈራችን ባለሱቅ ከመደብሩ ወጥቶ እጅ ነሳኝ፤ ሲያፌዝ ነው።

አባዬ መኪና ሲነዱ ያምራሉ። ማርሹን ሲቀይሩ መሪዋ የምትሰማቸው ይመስላል። መንዳት ያስተማሩኝ በዚችው መኪና ነው፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አንድም ቀን ሳይቆጡ።

ከከተማ እንደወጣን አንዲት በቅሎ መንገዱ መሐል ቆማለች። «አባዬ፣ በቅሎ» አልኩ። «አይቻታለሁ» አሉ። ፍሬን የያዙት ግን ከጮኽኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱን እየነገርኳቸው ሄድን። «ጋሪ በቀኝ።» «እሺ።» «ጉድጓድ።» «እሺ።» «ሰው ይሻገራል።» «እሺ።» ድሮም ረዳታቸው እንዲሁ ያደርግላቸው እንደነበር ነገሩኝ፤ ሾፌር በረዳቱ ነው የሚነዳው አሉ። ያ ረዳት ግን በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ይጁቤ! ይጁቤ!» እያለ ተሳፋሪ ሲጠራ ነው የማስታውሰው።

መንገዱ ላይ ጉም ነበር። ጉም ማንንም ያስቸግራል።

ሥራው ቶሎ አለቀ። ሰማዩ ጥርት ያለ ስለነበር መሣሪያው የሩቁን ምልክት ሁሉ ወዲያው አነበበልኝ። ስንመለስ «እኔ ልንዳ፣ ማርሽ እንዳልረሳ» አልኳቸው። ቁልፉን ሳይከራከሩ ሰጡኝ። አባዬ እንዲህ አይደሉም ነበር።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ጉድ ፈላ።

ትናንት ማምሻውን ዝናቡ ሲጀምር ቻርጀሩን መንቀል ረሳሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መብረቁ የሠፈሩ ትራንስፎርመር አጠገብ ወደቀ፤ ጓሯችን «ጧ!» አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። መኪናዋ በእግዚአብሔር ቸርነት ተርፋለች፣ ቻርጀሩ ግን ጠቁሯል። አዲስ አበባ ደወልኩ። ሠላሳ ሁለት ሺህ ብር። ደግሜ ጠየቅሁ። አሁንም ሠላሳ ሁለት ሺህ። በአውቶቡስ ይልኩልኛል።

አካለ ወልድ፣ «ይጻፋል፣ አይደል?» አለኝ።

«ይህ እኮ ወጪ አይደለም፣ አደጋ ነው» አልኩት። «መብረቅ የእግዜር ሥራ ነው። እግዜርን በኪሎ ሜትር አላካፍልም።»

አካለ ወልድ የቤት ሥራዬን ዝናብ አረጠበብኝ የሚለውን ተማሪ የሚያይበትን ዓይን አሳየኝና ወጣ። አልጻፍኩትም። እዚህ ጽፌዋለሁ እንጂ በሒሳቡ ገጽ ላይ አልጻፍኩትም።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ጎማ። የፊት ቀኙን የጠጠር መንገድ ስለት ያለው ድንጋይ ጎኑን ተረተረው። ኤሌክትሪክ መኪና በባትሪዋ የተነሣ ከባድ ናት፤ ጎማ ትበላለች፣ ልኩም ደብረ ማርቆስ አይገኝም። ከባሕር ዳር አሥራ አራት ሺህ።

የቆረጠው ድንጋይ ነው። ድንጋይ የመኪናዋ አካል አይደለም።

ይህን ስጽፍ ራሴን ታዘብኩት። ቢሆንም አልጻፍኩትም።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

አባዬ ለፍልሰታ ሱባዔ ጠዋት ጠዋት ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ደብተራቸውን ጠረጴዛ ላይ ትተውት ሄደው ገለጥ አደረግሁት። ተቀናቃኝን መሰለል በውላችን አልተከለከለም።

ፊደላቸው እንዴት ትልልቅ ሆኗል! በሰኔ መስመሩን ይዘው ይጽፉ ነበር፤ አሁን አንዱ ቃል ሁለት መስመር ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ግን አንድም አልዘለሉም። ቤንዚን። ዘይትና ፊልትሮ። ሻይ ለሰባት ሰው። ለነዳያን። ቆሎ። ሻይ ለዘጠኝ ሰው። እንደገና ሻይ።

ሲመለሱ፣ «አባዬ፣ ሻይም ይቆጠራል እንዴ?» አልኳቸው።

«ሰልፍ የምቆመው ለመኪናዋ አይደል? ሰልፍ ላይ የተጠጣ ሻይ የመኪናዋ ነው።»

ልከራከር ይገባ ነበር። ሆኖም ሰው ኳሷን በገዛ እጁ የራሱ መረብ ውስጥ ሲከት ዳኛ አይጠራም።

ደመላሽ የሚባል የመርጡለ ማርያም የእህል ነጋዴ ደውሏል። ዲኤክስ ይፈልጋል፣ ለአዲሱ ዓመት። «ቤንዚኑን ከየት ታመጣለህ?» አልኩት። «ያንን ለእኔ ተዪው» አለኝ። ዋጋው ጥሩ ነው። ለአባዬ አልነገርኳቸውም።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ፣ ማታ

ዛሬ ገበያ ዳር አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። ሾፌሩ ይታያል ይባላል፤ ሦስት ልጆች ያሉት ጨዋ ሰው ነው፣ ከመልኩ አውቀዋለሁ። ወርዶ ሰላም አለኝ፣ የአባዬን ጤና ጠየቀ፤ ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ «እኅቴ፣ እኔ አልመጣሁባቸውም» አለ። «ቆሜ ነበር። ሰው እያወረድኩ። እሳቸው ናቸው ጠርገውኝ የሄዱት። ትልቅ ሰው ናቸው ብዬ ዝም አልኩ። ግን ያወረድኳት ሴት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ አንድ እርምጃ ብትወጣ...»

ገንዘብ አልጠየቀኝም። የባጃጁን ጎን ማስተካከያ በግድ ሰጠሁት። ይህም በማንም ደብተር ላይ አይጻፍም።

እንግዲህ ልናገረው። ጉም አልነበረም። ሐምሌ 4 ሰማዩ እንደ መስተዋት ነበር። በዚያ ሰማይ ሥር አባዬ በቅሎ የሚያህል ነገር አላዩም። እኔም አውቄያለሁ፣ በሰኔም አውቄ ነበር፣ ስፖኪዮዋ ስትወድቅ። «አባዬ፣ ዓይንዎ ደክሟል፣ ሰው ሊገድሉ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ከአፌ አልወጣም። ያን ብል አባዬ ሽማግሌ ይሆናሉ፤ ሽማግሌ ያደረግኳቸውም እኔ እሆናለሁ። ስለዚህ «ወጪው በዛ» አልኩ። ቁጥር ሰው አያስቀይምም ብዬ።

ደግሞ ያለ መኪና ምን ይሆናሉ? ጎህ ሲቀድ የሚነሡት ለእሷ ነው። ጓደኞቻቸው ሁሉ ያሉት ሰልፉ ላይ ነው። ቁልፉን ስወስድ ከቁልፉ ጋር ምን ምን እንደምወስድ አላውቅም። አካለ ወልድ፣ «በቃ ንገሪያቸውና ዓይን ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው» ይላል። እሱ ይህን የሚለው አባቱ ስላልሆኑ ነው።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ነገ ነው። በሌላ ወረቀት ላይ እውነተኛውን አሰላሁት፤ ቻርጀሩን ጎማውን ሁሉ ጨምሬ።

የእኔ፦ በኪሎ ሜትር ሃያ ሁለት ብር።

የአባዬ፦ ሃያ አምስት። ሻይና ምጽዋቱ ከወጣ ሃያ አንድ።

በሚገባው ሒሳብ አባዬ ያሸንፋሉ። ወረቀቱን ቀደድኩት።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ማደያው ቤንዚን ስላለቀበት ሾፌሮቹ ሥራ ፈትተው ነበር፤ ፍርዱን ለማየት አንድም የቀረ የለም። ዝናቡ ሕፃናቱን እያስጨፈረ ይወርዳል። እኛ ከማደያው ጣሪያ ሥር ነን። ጋሼ አንሙት የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው «ከሳሽ ትቅረብ» አሉ፤ ሰው ሳቀ።

ተነሣሁ። «የተነዳ፣ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር። የመብራት፣ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ብር። በኪሎ ሜትር አንድ ብር አይሞላም።» ድምፄ ንቅንቅ አላለም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነበር የሄድኩት። አካለ ወልድ ጫማውን ያያል።

አባዬ ደብተራቸውን ለጋሼ አንሙት ሰጧቸው። «አንተ አንብብልኝ፤ መነጽሬን ረስቻለሁ» አሉ። አባዬ መነጽር ኖሯቸው አያውቅም።

«የተነዳ፣ አራት መቶ አሥር ኪሎ ሜትር። ቤንዚን... ዘይት... ሻይ። ሻይ። ለነዳያን። ሻይ።» ጋሼ አንሙት ቀና አሉ። «ቢያድግልኝ፣ ሻይ እዚህ ምን አገባው? ይህንን እሰርዘዋለሁ።»

«አትሰርዝም።»

«ሰውዬ፣ ግማሹን የጠጣሁት እኔ ነኝ!»

«የተጻፈ ይደመራል።»

«ትሸነፋለህ እኮ!»

«ደምር፣ አንሙት።»

ደመሩ። ሃያ አምስት ብር ሊሞላ ሳንቲም ቀረው። አባዬ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት። «ጎበዝ። ሒሳብ ትችያለሽ» አሉኝ። ከሾፌሮቹ አንድም ያጨበጨበ የለም። አሁንም ብረቱ መዳፌ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። አፈርኩ።

መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ደመላሽ ዲኤክሷን ወሰዳት። አባዬ በር ድረስ ሸኟት፤ «ጠዋት ጠዋት ሲበርዳት ሁለቴ ርገጥላት» አሉት።

ከመስጠቴ በፊት ከመሪው ጎን ያለውን የክሩስኮቱን ኪስ አጽድቼ ነበር። አሮጌ የነዳጅ ደረሰኞች፣ የእናቴ ሻሽ፣ ክብሪት። ከሥሩ ሁለት የዓይን ጠብታ ጠርሙሶችና ከባሕር ዳር የዓይን ሐኪም የተሰጠ ወረቀት። ሚያዝያ 2017 ይላል። በሁለቱም ዓይን፣ የጠፋው እይታ እንደማይመለስ፣ የቀረው እንዲቆይ ጠብታው እንዳይቋረጥ፣ መኪና መንዳት እንዲያቆሙ።

ሚያዝያ። ከውርርዳችን ሁለት ወር በፊት።

መስከረም 11፣ እሑድ

አባዬ ስምንት ቀን ሙሉ በረንዳው ላይ ናቸው። ጎህ ሲቀድ ይነሣሉ፣ ይለብሳሉ፣ ጫማቸውን ያስራሉ፣ ይቀመጣሉ። «ወዴት ልውሰድዎ?» እላቸዋለሁ በየቀኑ፤ የኔዋ ሞልታ ቆማለች። «ወዴትም» ይላሉ።

ዛሬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ አጭበርብሬያለሁ። ቻርጀሩን አልጻፍኩትም። ጎማውንም።»

«አውቃለሁ። መብረቁ ሲመታው ጓዳ ነበርኩ እኮ። ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ ምን ሆነ?»

ስለ ዓይናቸው ሲናገሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ሻዩን ባይጨምሩት ያሸንፉ ነበር።»

«‹ወጪው በዛ› ስትዪኝ ደስ አለኝ» አሉ። «ሌላውን ነገር ትያለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር። ቆሞ በነበረ ባጃጅ ላይ ከሄድኩ በኋላ ልተዋት ፈልጌ ነበር። አቃተኝ። ለራሴ ምን ብዬ ልንገረው?»

«እኔም ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ።»

አለቀስኩ። እሳቸው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «መኪናዋ አይደለችም የናፈቀችኝ» አሉ በመጨረሻ። «ጠዋት ስነሣ ወዴት እንደምሄድ ነው ያጣሁት።»

ማታ የሒሳቡን ገጽ አስተካከልኩት። ቻርጀር፣ ጎማ፣ የይታያል ባጃጅ ሳይቀር። አካለ ወልድ፣ ቻርጀሩ ለዓመታት ስለሚያገለግል በዓመታት መካፈል አለበት ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። እውነቱን ነው፤ ከርሞ ሲታይ ኤሌክትሪኳ ትረክሳለች፣ አልሸጣትም። የአባዬ መኪና በየቀኑ ትቆነጥጥ ነበር፣ የእኔ ዝም ብላ ቆይታ አንድ ቀን ታጋድማለች፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ውርርዱ ግን ለአንድ ክረምት ነበር። በዚያ ክረምት የተሸነፍኩት እኔ ነኝ።

መስከረም 19፣ ሰኞ

ጋሼ አንሙት ኮሌታቸው ተቀዶ መጡ። ሰልፉ ተበጣብጧል! የእኅታቸውን ልጅ መኪና አሥር ቦታ ወደፊት አስገብተዋል ተብለው ተከሰሱ፣ ሁለት ሾፌሮች ተያያዙ፣ መዝገቡ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ተረገጠ። ሽማግሌ ተቀምጦ የወሰነው፣ ከእንግዲህ ስም የሚይዘው መኪና የሌለው ሰው እንዲሆን ነው። የሚያዳላለት የራሱ መኪና የሌለው።

«መኪና የሌለው ሆኖ ሰልፍ የሚያውቅ፣ በዚህ ከተማ ካንተ በቀር ማን አለ?» አሉ ጋሼ አንሙት።

አባዬ ወደ ግቢው በር አዩ። «አንሙት፣ እኔ እኮ ማንበብ አልችልም። ዓይኔ ጠፍቷል» አሉ። እንዲሁ፣ በቀላሉ፣ ዝናብ መጣ እንደሚል ሰው።

ጋሼ አንሙት አልደነገጡም። «አውቃለሁ። ሁላችንም እናውቃለን። መኪናህን ስንገፋልህ መሪውን የሚይዝልህ ከእኛ አንዱ አልነበረም? ግን አንተ ልጅ ሆነህ ዳዊትን በቃልህ የደገምክ ሰው ነህ። ስልሳ ሾፌር አቃተህ?»

አባዬ ጫማቸውን አሰሩ። የታሰረውን።

መስከረም 22፣ ሐሙስ

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነድቼ አደረስኳቸው። ሦስተኛ ቀናቸው ነው። እስኪጨርሱ ልጠብቅ ብዬ መኪናዋን ዳር ያቆምኩ መስሎኝ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የነቃሁት በድምፃቸው ነው። ከማደያው በር ጀምረው ወደ ታች እየወረዱ፣ በመኪናው ሁሉ ኮፈን ላይ እጃቸውን እያሳረፉ፣ ያለ ወረቀት ስም ይጠራሉ። «አገኘሁ!» «አቤት!» «ያለምወርቅ!» «አቤት!» «አድማሴ!» አንድ የሚኒባስ ሾፌር፣ «አባባ፣ እኔ ከአድማሴ በፊት ነኝ!» ብሎ ጮኸ። አባዬ ቆሙ። «አንተ የመጣኸው ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ እኔ ወደ ቤት ልሄድ ስል ነው፤ ፍሬንህ ሲያለቅስ ሰምቼሃለሁ። ከአድማሴም፣ ከሾፌሯ ከትሕትናም ኋላ ነህ። የፍሬን ሸራህን አስቀይር።» ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ሾፌሩ ራሱ ሳቀ።

ሃምሳ ስምንት ስም ቆጠርኩ። አንድም አልሳቱም። ድምፃቸው አድማስ ይሞላል፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸው ረስቼው ነበር። ደብተሬን አውጥቼ ይህን እየጻፍኩ ሳለ የእኔ ኮፈን ላይ እጅ አረፈ።

አባዬ ብረቱን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ይህች የማን ናት?»

«የኔ ናት፣ አባዬ።»

«ቤንዚን ትቀጃለሽ?»

«አልቀዳም።»

«ታዲያ የሰው ተራ ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ውጪ!» ብለው በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መቷት። «ልጄም ብትሆኚ ውጪ! ከኋላሽ ሰው አለ!»

ወጣሁ።